ኤምዲአድም፦ በሁለት ዲስክ ዳታ መጠበቅ ለሚፈልግ የሊኑክስ ተጠቃሚ

በሬይድ 1 እያንዳንዱ ፋይል ሁለት ዲስክ ላይ እኩል ይጻፋል፤ አንዱ ቢሞት ሥራው በሌላው ይቀጥላል። ይህን ከሚሠሩት መሣሪያዎች ነፃውን የሊኑክስ ሶፍትዌር ኤምዲአድምን የምናስቀድመው የጥምረቱ መረጃ እዚያው ዲስኮቹ ላይ ስለሚቀመጥ ነው። ማዘርቦርዱ ቢቃጠል ዲስኮቹን ነቅሎ ሊኑክስ ያለበት ሌላ ኮምፒውተር ላይ መሰካት ይበቃል። ይህንኑ ሥራ በሃርድዌር የሚሠራው የሬይድ ካርድ ሲበላሽ ግን ብዙ ጊዜ ያንኑ ዓይነት ካርድ ፍለጋ ያዞራል።

ባለ 4 ቴራባይት ሁለት ዲስክ ሲጣመር የሚገኘው ቦታ 4 ቴራባይት ብቻ ነው፤ መጠናቸው ከተለያየ ትንሹ ይወስናል። ዲስኩን እንዳለ ከመስጠት ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍልፋይ) ከፍሎ መጨረሻው ላይ 100 ሜጋባይት ያህል ባዶ መተው ይሻላል፤ ወደፊት የሚገዛው ምትክ በጥቂት ሴክተር (የዲስክ ትንሿ የማከማቻ ክፍል) እንኳ ቢያንስ ጥምረቱ አይቀበለውምና። ኮምፒውተሩ የሚነሳው ከእነዚሁ ዲስኮች ከሆነ ሊኑክስን የሚያስነሳው ፕሮግራም ግሩብ በሁለቱም ላይ ይጫን። ይህ ከተረሳ የመጀመሪያው ዲስክ ሲሞት ዳታው በሰላም ተቀምጦ ማሽኑ አልነሳም ይላል።

ትልቁ ጉድለቱ ዝምታው ነው። ዲስክ ሲወድቅ ሥራ ስለማይቋረጥ ማንም ልብ አይልም። ኤምዲስታት የሚባለው ፋይል ሲከፈት ጤነኛ ጥምረት በቅንፍ ውስጥ ሁለት ‹ዩ› ፊደል ያሳያል፤ በወደቀው ዲስክ ቦታ የታች ሰረዝ ይገባል። ያቺ ሰረዝ ከስድስት ወር በኋላ ብትታይ ምን ትጠቅማለች? የኢሜይል ማስጠንቀቂያውን ገና ሲጫን አስተካክሎ የሙከራ መልእክት መድረሱን ማየት ግድ ነው።

ዲስክ ከመንቀል በፊት ሴሪያል ቁጥሩን ስክሪኑ ላይ ካለው ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል፤ ጤነኛውን መንቀል የተለመደ ጥፋት ነው። ምትኩ ከገባ በኋላ ከጤነኛው ዲስክ ወደ እሱ የሚደረገው ግልባጭ በሴኮንድ 150 ሜጋባይት ቢሄድ 4 ቴራባይት ለመሙላት ከ7 ሰዓት በላይ ይፈጃል። በዚያ ሁሉ ሰዓት የቀረው ዲስክ ከዳር እስከ ዳር ይነበባል፤ ለዓመታት ያልተነካ ብልሹ ሴክተር የሚጋለጠውም ያኔ ነው። በየወሩ የፍተሻ ንባብ ማስኬድ ይህን አስቀድሞ ያወጣዋል።

ሁለቱ ቅጂዎች ቢለያዩ ትክክለኛው የቱ እንደሆነ ኤምዲአድም አያውቅም፤ በዚህ ቼክሰም (ዳታው አለመለወጡን የሚያረጋግጥ ቁጥር) የሚይዘው የፋይል ሥርዓት ዜድኤፍኤስ ይበልጠዋል። በስህተት የተሰረዘ ፋይልማ በሁለቱም መሣሪያ ከሁለቱም ዲስክ እኩል ይጠፋል፤ ባክአፑ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ በሚቀመጥ ሦስተኛ ዲስክ ላይ ይሁን።