ፔትራን ያራቆታት የመሬት መንቀጥቀጥ ነው ወይስ የንግድ መንገድ መዞር?

በዮርዳኖስ በረሃ ከቀይ ዓለት የተፈለፈለችው የናባታውያን (የጥንት ዓረብ ነጋዴ ሕዝብ) ከተማ ለምን ባዶ ቀረች? ጎልተው የሚነሱት መላምቶች ሁለት ናቸው።

ፍጥነት
መንቀጥቀጥ፦ በ363 እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር ድንገት ደረሰ።
ንግድ፦ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት የፈጀ መመንመን ነው። ሮም በ106 እ.ኤ.አ. የናባታውያንን ግዛት ጠቀለለች፤ ፔትራን ያበለጸጋት የዕጣን ጭነትም ከግመል ጀርባ እየወረደ በቀይ ባሕር መርከቦች ይጓዝ ጀመር። የአክሱም ወደብ አዱሊስ የደመቀችውም በዚሁ የባሕር ንግድ ነው።

ማስረጃ
መንቀጥቀጥ፦ ቴአትሩ ተጎድቷል፣ ብዙ ሕንፃዎች ፈርሰዋል። በጠባቡ ገደል በሲቅ ግድግዳ ላይ የተገጠሙት የሸክላ የውኃ ቧንቧዎች ዛሬም ይታያሉ። ከተማዋን ያኖራት ይህ ውኃ ነበርና፣ የውኃ መስመሩ መጎዳት ከሁሉ የከፋ ነበር።
ንግድ፦ ገንዘብ ቢኖር ኖሮ የፈረሰው ሁሉ ባልተተወ ነበር።

ድክመት
መንቀጥቀጥ፦ በ1993 እ.ኤ.አ. ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ በእሳት የከሰሉ የፓፒረስ ጥቅልሎች ተገኙ። በግሪክኛ የተጻፉ የ6ኛው ክፍለ ዘመን ሰነዶች ናቸው፤ ስለ ርስት፣ ስለ ግብር እና ስለ ጋብቻ ያወራሉ። በእኔ እምነት ይህ ትልቁ ማስረጃ ነው። ከአደጋው ሁለት መቶ ዓመት በኋላ ርስት የሚካፈል ሕዝብ ሸሽቷል አይባልም።
ንግድ፦ መዳከሙን እንጂ የመጨረሻውን መውጣት አያስረዳም።

የትኛው ያዋጣል?
ጥያቄዎ ሕንፃዎቹ ለምን ፈረሱ ከሆነ፣ መንቀጥቀጡን ይያዙ። ለምን እንደገና አልተገነቡም ከሆነ ግን ንግዱን ይከተሉ።