ፓንዳስ፦ ስያሜ ስሌቱን ሲወስን

በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ቁጥር የሚያሰላ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ነምፓይ ከተባለው የቁጥር ስሌት ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ነው። ነምፓይ ፈጣን ቢሆንም ቁጥሮችን የሚያውቃቸው በተራቸው ስለሆነ፣ ሦስተኛው ዓምድ የሐምሌ ዝናብ ይሁን የነሐሴ ማስታወሱ የፕሮግራመሩ ዕዳ ነው። ዌስ ማኪኒ እ.ኤ.አ. በ2008 መሥራት የጀመረው ፓንዳስ የተባለው የሠንጠረዥ መረጃ ላይብረሪ ለረድፉም ለዓምዱም ስም በመስጠት ይህን ዕዳ ያቃልላል። በነጻ የሚገኝ ሲሆን ስሞቹን በአማርኛ ፊደል ቢጽፏቸውም ያለ ችግር ይቀበላል።

ስያሜው ለጌጥ የተቀመጠ እንዳይመስላችሁ። ሁለት ሠንጠረዦች ሲደመሩ ፓንዳስ ረድፎቹን የሚያገናኘው በስማቸው ነው፤ አዲስ አበባ በአንዱ ከላይ፣ በሌላው ከታች ብትሆንም ድምሩ አይዛባም። በዚያው ልክ ግን በአንዱ ሠንጠረዥ «ሐዋሳ»፣ በሌላው «ሀዋሳ» ተብሎ ከተጻፈ፣ ለእኛ አንድ የሆነችው ከተማ ለፓንዳስ ሁለት ትሆናለች፤ ውጤቱ ላይ ሁለት ረድፎች ይወጣሉ፣ በሁለቱም ላይ በድምሩ ፈንታ «ናን» የተባለው የባዶ ቦታ ምልክት ይቀመጣል፣ ሙሉ ቁጥር የነበረውም ዓምድ ወደ አስርዮሽ ይለወጣል። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድም የስህተት መልእክት አይመጣም። ስለዚህ ሞክሼ ሆሄያትን አስቀድሞ አንድ ወጥ ማድረግ ግድ ነው።

ከሁሉ የማልወድለት ስም አሰጣጡ ወጥ አለመሆኑን ነው። ከነምፓይ ቁጥሮች ዳታፍሬም (የፓንዳስ ሠንጠረዥ) ሲሠራ በኢንዴክስ፣ ማለትም በረድፍ ስሞች መስጫው፣ በኩል የተሰጠው ዝርዝር እንደ አዲስ ስም ይለጠፋል፤ ከነባር ዳታፍሬም ሲሠራ ግን ያው ዝርዝር እንደ መፈለጊያ ይቆጠርና፣ ስሞቹ በነባሩ ውስጥ ከሌሉ ሠንጠረዡ በሙሉ ናን ይሆናል። ነባር ስሞችን ለመቀየር «ሪኔም» የሚለውን ትእዛዝ መጠቀም ይሻላል። ከሠንጠረዡ የተወሰኑ ረድፎች በ«ሎክ» ትእዛዝ በስም ሲቆረጡ የመጨረሻው ረድፍ ይካተታል፣ በ«አይሎክ» በተራ ቁጥር ሲቆረጡ ግን ይቀራል፤ ይህም ጀማሪን ያደናግራል።

ለንጹህ የማትሪክስ ስሌት ነምፓይ ይበቃል። የከተማ፣ የወር ወይም የሸቀጥ ስም ላለው መረጃ ግን ከነጉድለቱም ፓንዳስን እመርጣለሁ። ሠንጠረዡ ማትፕሎትሊብ በተባለው የግራፍ መሥሪያ ላይብረሪ ወደ ግራፍ ሲቀየር የአማርኛ ስያሜዎች ባዶ ሳጥን ሆነው ከታዩ፣ መንስኤው የግዕዝ ፊደል የሌለው ፎንት ስለሆነ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ ፎንት መምረጥ ያስፈልጋል።