ስኮኪ ሎጅ፦ በሁዳዴ፣ ከ11 ኪሎ ሜትር በረዶ ማዶ የበላነው እራት

ካናዳ ሦስት ሳምንት ቆየን። ብዙ ቦታ በላን። ከሁሉ የበለጠውን ምግብ ያገኘነው ግን መኪና በማይደርስበት፣ መብራትም የቧንቧ ውሃም በሌለው አንድ የግንድ ቤት ውስጥ ነው። ስኮኪ ሎጅ ይባላል። ያለው አልበርታ ውስጥ፣ ባንፍ ብሔራዊ ፓርክ፣ ከሌክ ሉዊዝ የስኪ ተራራ ጀርባ ነው። በበረዶው ወቅት እዚያ ገበታ ለመቅረብ 11 ኪሎ ሜትር በስኪ፣ እግር ላይ በሚታሰር የበረዶ መንሸራተቻ፣ መሄድ ያስፈልጋል። እኛ ደግሞ ጾም ላይ ነበርን።

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ሙኒክ ነው። ስኪ የለመድነውም እዚያው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በባቡር ወደ ጋርሚሽ እንሄዳለን፣ ማታ ቤታችን እንገባለን። ለጋብቻችን 10ኛ ዓመት ግን አንድ ረጅም ጉዞ እናድርግ ተባባልን። ሁለት ዓመት ገንዘብ አጠራቀምን። ሁለታችንም እኩል ፈቃድ ያገኘነው መጋቢት ላይ ነው። ቀኑን ስንቆጥር ከቅድስት እስከ ደብረ ዘይት ሆነ። ሁዳዴ መሃል ማለት ነው። ባለቤቴ «እንተወው እንዴ?» አለኝ። የንስሐ አባታችንን ጠየቅናቸው። «መንገደኛ ናችሁ፣ ሰዓቱን አታጥብቁት። ከፍስኩ ግን ራቁ» አሉን። ስለዚህ ሻንጣችን ውስጥ ከጓንቱና ከስኪ ሱሪው ጎን ሽሮ፣ በርበሬ፣ ሚጥሚጣና የተፈጨ ቡና ገባ።

ስኪ ተራራ ላይ ጾመኛ ሆኖ መዋል ከባድ ነው። ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል፣ ሰውነት ቅባት ይለምናል። ዙሪያውን ያለው ምግብ ደግሞ በሙሉ የፍስክ ነው። የካናዳዎቹ ዝነኛ ምግብ ፑቲን ነው። የተጠበሰ ድንች ላይ አይብ በትነው ትኩስ የሥጋ መረቅ ያፈሱበታል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከካናዳዋ ኬቤክ ክፍለ ሀገር የተነሳ ምግብ ነው፣ አሁን የትም አለ። ሽታው ከሩቅ ይጠራል። እኛ ግን አሽትተን ብቻ አለፍን።

አንድ ቀን ከተራራ ስንወርድ እጄ ደንዝዞ አንድ ካፌቴሪያ ገባሁ። «የአትክልት ሾርባ» የሚል አየሁና ገዛሁ። ግማሹን ከጠጣሁ በኋላ ነው በዶሮ መረቅ መሠራቱን የሰማሁት። ሻጩን ብጠይቀው «ዶሮው እኮ የለበትም፣ ውሃው ብቻ ነው» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም። እኔን ግን ከፋኝ። ያን ዕለት ማታ በተከራየናት ክፍል ሽሮ ሠርተን በዳቦ በላን። ከዚያ ቀን በኋላም ማታ ማታ ሽሮ ሆነ።

ስኮኪን የመረጥነው ከመሄዳችን ከወራት በፊት ነው። አንድ ጊዜ የሚያስተናግደው ወደ 22 እንግዳ ብቻ ስለሆነ ቦታ ቶሎ ያልቃል። በኢሜይል ስንይዝ ስለ ጾማችን አንድ አንቀጽ ጻፍኩ። ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም። መልሱ በማግስቱ መጣ። ጥያቄ ነበረው። ዓሣስ? ማርስ ትበላላችሁ? ሦስተኛውን ጥያቄ ሳነበው ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፦ «የምትበሉበት ሰዓት አለ?» ሐበሻ ባልሆነ ሰው ይህን ተጠይቄ አላውቅም። ከቻልን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው ብዬ መለስኩ።

መንገዱን ላሳጥረው። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ተነሳን። ለእንዲህ ያለ መንገድ የሚሆነው ስኪ ቀጠን ያለ ነው፣ ተረከዝ አይታሰርም። ከሥሩ ፀጉራማ ጨርቅ ይለጠፍበታል። ጨርቁ ወደፊት ያንሸራትታል፣ ወደ ኋላ ሲሉት ይይዛል። ዳገቱ የሚወጣው በዚህ ነው። መጀመሪያ ጫካ ነው። ቀጥሎ ሃፍዌይ ሃት የምትባል ትንሽ መጠለያ ጎጆ አለች። ከዚያ ቦልደር ፓስ፣ ከዚያ በረዶ የሆነው የታርሚጋን ሐይቅ። ሐይቁ ላይ ስንሄድ የሚሰማው የስኪያችን ድምፅ ብቻ ነበር። ባለቤቴ እዚያ መሃል ላይ ቆመና «ሮቤልም በዚህ አገር በረዶ ላይ ሮጧል እኮ» አለኝ። ሮቤል ተክለማርያምን ማለቱ ነው። በክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ የተወዳደረ የመጀመሪያው ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ደግሞ እዚሁ ካናዳ፣ ቫንኩቨር። ስሙን ሲያነሳ ጉልበት አገኘን።

የመጨረሻው ዳገት ዲሴፕሽን ፓስ ነው። ስሙ «ማታለል» እንደማለት ነው። እውነትም ደረስን ስንል ሌላ ጫፍ ይወጣል። ከፍታው 2,475 ሜትር ነው። እግሬ ቄጠማ ሆነ። ባለቤቴ «አይዞሽ፣ እንጦጦ ከዚህ ይበልጣል» እያለ አወጣኝ። ሎጁ ያለበት ደግሞ 2,165 ሜትር ላይ ነው፣ ከአዲስ አበባ ዝቅ ይላል። ትንፋሻችን ያልከዳን ለዚህ ይመስለኛል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ የዕለቱን የበረዶ ናዳ ማስጠንቀቂያ ሳያዩ ወደዚህ መንገድ አይወጡም።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ጭስ አየን። ከዛፎቹ መሃል፣ በረዶ ከተቆለለበት ጣሪያ ላይ ቀጥ ብሎ የሚወጣ የእንጨት ጭስ። ልጅ ሆኜ አያቴ ቤት ስንሄድ ከኮረብታው ላይ መጀመሪያ የሚታየን የጎጆው ጭስ ነበር። አፌን ዘግቼ ቆምኩ። ባለቤቴም ዝም አለ።

በሩን ስንከፍት የመጣብን የዳቦ ሽታ ነው። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ግድግዳው በሙሉ ግንድ ነው። መሃል ላይ የእንጨት ምድጃ ይነዳል። ከምድጃው በላይ በተወጠረ ገመድ ላይ ጓንት፣ ካልሲ፣ ኮፍያ ተሰቅሏል። ከአንዱ ጓንት የሚንጠባጠበው ውሃ የምድጃው ብረት ላይ ሲያርፍ ችስ ብሎ ይጠፋል። ስልክ አይሠራም። ሁሉም ሰው ወይ ያወራል፣ ወይ እሳቱን ያያል።

ከሰዓት በኋላ ለደረሰ ሰው ሻይ፣ ሾርባና ዳቦ ይቀርባል። ወጥ ቤት የምትሠራው ልጅ ወጣችና ስማችንን ጠራች። «የጾመኞቹ ይኼኛው ነው» ብላ ድስቱን አሳየችን። የክክ ሾርባ ነበር። ወፈር ያለ፣ ካሮትና ሽንኩርት የገባበት፣ በአትክልት መረቅ የተሠራ። ሳልጠይቃት «መረቁን ራሴ ነኝ የሠራሁት» አለች። ያ ካፌቴሪያ ትዝ አለኝ። ሳህኑን በሁለት እጄ ያዝኩት። ጣቶቼ መሞቅ ሲጀምሩ ይወጋ ነበር። የመጀመሪያው ማንኪያ ሲወርድ አንጀቴ ራሰ። ዳቦው ቅርፊቱ ጠንካራ፣ ውስጡ ለስላሳ ነው፣ ሲቆረስ ድምፅ አለው። ባለቤቴ አራት ቁራሽ በላ። ቆጥሬአለሁ።

እራት አንድ ጊዜ ነው፣ ሁሉም አብሮ ይበላል። ሲመሽ ፋኖስና ሻማ ይበራል። ረጃጅም የእንጨት ጠረጴዛዎች አሉ፣ ሰው ጎን ለጎን ይቀመጣል። ምግቡ በትልልቅ ሳህን ይመጣል፣ እየተቀባበሉ ያነሳሉ። ለሌሎቹ ሳልሞን ዓሣ ነበር። ለእኛ ምስር በኮኮናት ወተትና በዝንጅብል፣ የተጠበሰ ዱባ፣ የቀይ ሥር ሰላጣና ጥቁር የሚመስል ረጅም ፍሬ ያለው የካናዳ የዱር ሩዝ።

ከምግቡ በላይ የማወራው ስለ አቀራረቡ ነው። የጾም ምግባችንን ለብቻ በትንሽ ሳህን አላመጣችልንም። ለሁሉም እንዲበቃ አድርጋ ሠርታ ጠረጴዛው መሃል አስቀመጠችው። በሰው አገር የሚጾም ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ግብዣ ላይ «ለአንቺ የተለየ አለ» ተብሎ ጥግ ላይ የሚቀመጥ ሰላጣ አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል፣ ለምን እንደማትበዪ ይጠይቃል። እዚህ ማንም አልጠየቀንም። ሁሉም ከእኛ ምስር እየጨለፈ ነበር። ፊት ለፊታችን የተቀመጡ ከኦንታሪዮ የመጡ ባልና ሚስት ዓሣውን ትተው ምስሩን ደገሙ። ሰውየው ሚጥሚጣዬን አይቶ ጠየቀኝ። በጥፍሩ ጫፍ ቆንጥሮ ነሰነሰ። ዓይኑ እንባ ሞላ፣ ግን ደግሞ ጨመረ።

ምስሩ ቶሎ አለቀ። ለመጨመር እጄን ስዘረጋ ሳህኑ ባዶ ነው። ምንም አልተናገርኩም። ልጅቷ ግን ከወጥ ቤት በር ላይ አይታኛለች። ወዲያው ሌላ ሳህን ይዛ መጣች። «እንደሚያልቅ አውቄ ለእናንተ ደብቄ ነበር» አለች። እናቴ ለእንግዳ እንዲህ ታደርግ ነበር።

መጨረሻ ላይ ፖምና ብሉቤሪ ከአጃ ጋር ተጋግሮ ቀረበ፣ ከላይ የሚንኮሻኮሽ። ማንኪያዬን ሳላነሳ «በዘይት ነው፣ ቅቤ አልነካውም» አለችኝ። ጣፋጭ ብዙም አይሆንልኝም። ይህን ግን ጠርጌ በላሁት። ቡናውን እኔ አፈላሁ። ሙቅ ውሃ ለመንኳትና የራሴን ቡና አወጣሁ። ሽታው ክፍሉን ሲሞላው ወሬው ሁሉ ወደ ቡና ዞረ። ሦስተኛውን ከነማን ጋር እንደጠጣነው ስማቸውን እንኳ አላውቅም።

ቤቱ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1930 እና በ1931 ነው። የሠሩት ስኪ የሚወዱ የባንፍ ሰዎች ናቸው። ካናዳ ውስጥ ለስኪ እንግዳ ተብለው ከተሠሩት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ብሔራዊ ታሪካዊ ስፍራ ተብሏል። የእንግሊዙ ልዑል ዊልያምና ባለቤቱ ኬት እ.ኤ.አ. በ2011 እዚህ አድረዋል። እኔን የደነቀኝ ግን ዕቃው እንዴት እንደሚደርስ ነው። በበረዶ ጊዜ ዱቄቱም ምስሩም የሚመጣው በበረዶ ሞተር ነው። ያቺ ልጅ እኛ ያስቸገርናትን ነገር ሁሉ ቀድማ አስባ፣ ዘርዝራ አዝዛ፣ ያን ዳገት አሻግራ አስመጥታለች ማለት ነው።

ለማን ይሆናል? ቢያንስ ጥቂት ዓመት ስኪ ለረገጠ ሰው። ሽንት ቤቱ ውጪ ነው፣ ሌሊት በባትሪ ይኬዳል። ገላ መታጠቢያ የለም። ዋጋውም ቀላል አይደለም፣ ግን አልጋውም ምግቡም አንድ ላይ ነው የሚከፈለው። ማደር ለማይፈልግም የቀን እንግዳ ሆኖ ሾርባና ሻይ መቅመስ ይቻላል። ትናንሽ ልጆች ይዞ ለሚጓዝ አልመክርም። የምትጾሙ ከሆነ ስትመዘግቡ ሁሉንም ዘርዝሩ፣ መረቁንም ቅቤውንም። «አትክልት ብቻ» ማለት አይበቃም።

ሁለት ሌሊት አደርን። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የአጃ ገንፎ በሜፕል ሽሮፕ በላን። እዚያ ለመንገድ የሚሆነውን ስንቅ እያንዳንዱ እንግዳ ከጠረጴዛው ላይ ራሱ ያዘጋጃል። ከዚያው ዳቦ ቆርጠን ኦቾሎኒ ቅቤ ቀባንበት። ከዚያ በኋላ ካልጋሪ ሁለት ቀን ሰነበትን። እዚያ ሐበሻው ብዙ ነው፣ በያይነቱም እንጀራውም አልጠፋም፣ ጠግበን በላን።

ከስኮኪ ስንወጣ ቦርሳዬን ሳዘጋጅ ግማሽ ኪሎ ሽሮ እጄ ላይ ወጣ። የሚበላ ባናገኝ ብዬ ያን ሁሉ ዳገት የተሸከምኩት ነው። ሳይከፈት ቀርቷል። ወደ ወጥ ቤቱ ገባሁና ሰጠኋት። አሸተተችው። እንዴት እንደሚሠራ ጠየቀችኝ። ከግድግዳው ላይ እርሳስ አውርዳ ሰጠችኝ፣ በዱቄት ከረጢት ወረቀት ላይ ጻፍኩላት። ሽንኩርቱን በደንብ አቁላዪ። ዘይት አትሳሺ። ውሃው ሲፈላ ሽሮውን በትንሽ በትንሹ ጨምሪ፣ እጅሽ ማማሰሉን እንዳያቆም።