ለቱሉ ዲምቱው ላፕቶፕ ጠጋኝ ምስጋና፣ ላፕቶፓቸው እየጋለ ለተቸገሩ ጥቆማ

ሰላም ጎረቤቶች። እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ምድር ላይ ባለች ጠባብ ሱቅ ላፕቶፕ የሚጠግን ወንድማችን አለ። ሳላስፈቅደው ስሙንና ስልኩን አልለጥፍም፤ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ። ላመሰግነው የፈለግኩት ሳይመረምር ዕቃ ስለማይቀይር ነው።

የወሰድኩለት ላፕቶፕ ፕሮሰሰሩ (ዋናው ቺፕ) ኮር አይ ፋይቭ፣ ስምንተኛ ትውልድ ነው። ከተከፈተ ሩብ ሰዓት ሳይሞላው ይንቀራፈፋል፤ ስራ ሲበዛበት ድርግም ብሎ ይጠፋል። ሌላ ቦታ «ፋኑ (ማቀዝቀዣ ማራገቢያው) ሞቷል፣ ይቀየር» ተብሎለት ነበር። ወንድማችን ካቻቪቴ ከማንሳቱ በፊት ኤችደብልዩኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፍቶ ሁለት ቁጥር አየ፦ የፕሮሰሰሩን ሙቀትና የፋኑን ዙር። ላፕቶፑ ስራ ፈቶ ተቀምጦ 68 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ጫና ሲሰጠው በሰከንዶች ውስጥ 100። እዚህ ጣሪያ ላይ ሲደርስ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ መንቀራፈፉ ከዚህ ነው። ሙቀቱ አሁንም ካልበረደ ማሽኑ ራሱን ያጠፋል። ፋኑ ግን በደቂቃ ከ4,000 ዙር በላይ እየሮጠ ነበር።

ነገሩ የተለየው እዚህ ላይ ነው። ፋን እየሮጠ ሙቀት ካልወረደ፣ ወይ አየሩ መውጫ አጥቷል ወይ ሙቀቱ ከፕሮሰሰሩ ወደ ሂትሲንኩ (ሙቀቱን ተቀብሎ ወደ አየሩ ወደሚያወጣው ብረት) እየተሻገረ አይደለም። ዙሩ ዜሮ ከሆነ ወይም ፋኑ እየተንጫጫ የሚቆም ከሆነ ደግሞ ፋኑ ይጠረጠራል። ዙሩን የማያሳዩ ላፕቶፖች ስላሉ መውጫው ላይ ቀጭን ወረቀት አስጠግቶ ማየት ጥሩ ዘዴ ነው። የዚህኛው ወረቀት ንቅንቅም አላለም። ኤችፒ ላይ ሲበራ 90ቢ የሚል ኮድ ከመጣ ስለ ፋን ነው የሚያወራው፤ ዴል ያላችሁ ደግሞ ሲበራ ኤፍ 12 ተጭናችሁ ዲያግኖስቲክስ የሚለውን ብትመርጡ ፋኑን ራሱ ይፈትሽላችኋል።

ሲከፍተው መጀመሪያ የነቀለው የባትሪውን ኬብል ነው። ይህን የሚዘል ጠጋኝ ካያችሁ ላፕቶፓችሁን ተቀበሉት፤ ባትሪው ሳይነቀል አንድ ብሎን ማዘርቦርድ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ ቢወድቅ ሾርት አድርጎት ሌላ ወጪ ነው። ከዚያ የፋኑን ክዳን አነሳ። በፋኑና በሂትሲንኩ ቀጫጭን ክንፎች መካከል፣ ልክ በክፍተቱ ልክ የተቆረጠ የሚመስል ግራጫ የአቧራ ምንጣፍ ተጋድሞ ነበር። በወረንጦ ጫፉን ይዞ ሲስበው ሳይበጣጠስ አንድ ላይ ተላቆ ወጣ። ውፍረቱ እንደ ብርድ ልብስ ነው። ይህ አቧራ ከውስጥ በኩል ስለሚቀመጥ ከውጭ ቢነፋ አይወጣም፤ ተመልሶ ፋኑ ላይ ነው የሚወድቀው። እባካችሁ ጎሚስታ ቤት ወስዳችሁ አታስነፉ። የኮምፕረሰር አየር ውሃና ዘይት ይዞ ይመጣል፣ ፋኑንም ከአቅሙ በላይ አሽከርክሮ ቤሪንጉን ይጎዳዋል። እሱ በትንሽ ብሎወር ሲያጸዳ የፋኑን ቅጠሎች በጣቱ ይዞ ነው።

የእኛ ሰፈር አቧራ ደግሞ ይለያል። ኮረኮንች መንገድና ያላለቀ ግንባታ ስላለ ሲሚንቶና አሸዋ ተቀላቅሎበት ይገባል፣ በጋ ሲሆን ይብሳል። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ ወደ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩም ስስ ነው፤ ያው ፋን በያው ዙር እዚህ የሚያወጣው ሙቀት ባህር ዳርቻ ካለ ከተማ ያነሰ ነው። ስለዚህ ለሌላ አገር የተጻፈውን የጽዳት ጊዜ አትጠብቁ፤ በዓመት አንዴ ማስከፈት ለእኛ አይበዛም። ጋቢ ወይም ፍራሽ ላይ አስቀምጦ መስራት ደግሞ የስር መግቢያውን መድፈን ነው።

ሁለተኛው ጥፋት ተርማል ፔስቱ (በፕሮሰሰሩና በሂትሲንኩ መካከል ተቀብቶ ሙቀት የሚያሻግረው ቅባት) ነበር፦ እንደ ኖራ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የሂትሲንኩን ብሎኖች በተጻፈባቸው ቁጥር ተራ ወደ ኋላ እየቆጠረ፣ ሁሉንም በጥቂት በጥቂቱ እያላላ ነቀለው። አሮጌውን ፔስት በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮልና ብናኝ በማይተው ጨርቅ ጠረገ። አዲሱን ቀጭን አድርጎ የፕሮሰሰሩን መስታወት መሳይ ፊት እስኪሸፍን ቀባ። ሲበዛ ይፈሳል፣ ሲያንስ ባዶ ቦታ ይቀራል። ሲያስርም በቁጥሩ ተራ ነው፤ አንዱን ጥግ ብቻ አጥብቆ ማሰር ሂትሲንኩን ያንጋድደዋል፣ ፕሮሰሰሩንም ሊሰነጥቅ ይችላል። ከጎን ባሉት ቺፖች ላይ ያሉትን፣ ሙቀት የሚያሻግሩ ለስላሳ ፓዶች እንዳሉ መለሳቸው። ፓድ ሲቀደድ በዚያው ውፍረት መተካት አለበት፣ በፔስት አይሞላም።

«ሞቷል» የተባለውን ፋንም አልዘለለውም። ቅጠሉን በጣቱ ወዲያና ወዲህ ገፋ አድርጎ የሚወላገድ መሆኑን አየ፣ በዝግታ አዙሮ የሚይዘው ነገር እንዳለ አዳመጠ። ደህና ነው አለ፣ ደህናም ነበር። በእውነት ያለቀ ፋን ሲያጋጥም ዘይት ጠብ አድርጎ አይሸኝም፤ ዘይቱ ድምፁን ለጊዜው ዝም ቢያሰኘውም ያለቀ ቤሪንግ አይመልስም። ፋን የምትገዙ ከሆነ ከአሮጌው ላይ የተጻፈውን የሞዴል ቁጥርና ቮልት (ብዙዎቹ 5 ቮልት ናቸው)፣ የኬብሉን ጫፍና የሽቦውን ብዛት አመሳክሩ። መልኩ ተመሳስሎ የማይሰራ ብዙ አለ።

ከዘጋው በኋላ ወዲያው አላስረከበም። ለ20 ደቂቃ ጫና ሰጥቶ ተጠባበቀ፦ ስራ ፈቶ 46፣ በጫና 84። ወረቀቱ አሁን ከመውጫው ላይ ተገፍቶ ይርቃል። ያስከፈለው የጽዳትና የፔስት ብቻ ነው፣ ያንንም ከመክፈቱ በፊት ተናግሮ ነበር።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። የምትሄዱ ቻርጀራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ በቻርጀርና በባትሪ ለየብቻ ይፈትሸዋል። ታች ያለው ክዳን ወይም የማውሱ ሰሌዳ ከፍ ብሎ ካያችሁ ግን ባትሪው አብጦ ሊሆን ስለሚችል ሳትሰኩትና ሳትጫኑት አጥፍታችሁ ውሰዱለት።