በተዳፋት ግቢ የተሠራ የጋቢዮን ድጋፍ፦ ዕቃው ጥሩ፣ ምክሩ ጎደሎ

ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ያለው ግቢያችን ተዳፋት በመሆኑ የላይኛውን ወገን በጋቢዮን፣ ማለትም ድንጋይ በተሞላ የሽቦ ሳጥን፣ እንዲደግፍልን ለአንድ ሥራ ተቋራጭ ሰጥተን ነበር። አሁን ክረምቱ ስላለፈበት ስለ ጥራቱ መናገር ይቻላል።

ዕቃው አስተማማኝ ነው። ሽቦው ዚንክ የተለበጠ ሲሆን ዓይኖቹ ባለ ስድስት ማዕዘን፣ መጋጠሚያቸውም ድርብ ጥምዝ ስለሆነ አንዱ ክር ቢበጠስ ቀሪው አይተረተርም። ሠራተኞቹ ከሽቦው ዓይን የሚያንሰውን ጠጠር እየለዩ ጥለው፣ የፊት ለፊቱን ጥቁር ድንጋይ እንደ እርከን ካብ በእጃቸው ደርድረውታል። ከሲሚንቶ ግንብ የምመርጠው መሬቱ ጥቂት ሲሰምጥ ሳይሰነጠቅ አብሮ ስለሚጎብጥና ከኋላው የሚጠራቀመውን ውሃ ስለሚያሳልፍ ነው። ሐምሌ ላይ ዶፍ በወረደ ማግስት ከሥሩ ይወጣ የነበረው ውሃ ጥርት ያለ ነበር፤ ከኋላው የተነጠፈው የማጣሪያ ጨርቅ አፈሩን መያዙን ያየሁት በዚህ ነው።

ቅሬታዬ ተቋራጩ ግድግዳው ብቻውን እንደሚበቃ መናገሩ ላይ ነው። የደሴ ተዳፋት በአብዛኛው የበሰበሰ ጥቁር ድንጋይና ከላይ ወርዶ የተከማቸ ልል አፈር ሲሆን፣ ውሃ ሲጠግብ ይከብዳል፤ በቅንጣቶቹ መካከል የሚፈጠረው የውሃ ግፊትም አፈሩን ያላላዋል። በዚህ ላይ እኛ ሰዎች ለቤትና ለመንገድ ብለን ግርጌውን እንቆርጣለን፣ ዛፉን እንመነጥራለን፣ የጣሪያና የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽም ወደ ተዳፋቱ እንለቃለን። ስለዚህ ከግድግዳው በላይ ጎርፉን የሚቀለብስ ቦይ የግድ ነበር፤ እኛ ያስቆፈርነው አንድ መሐንዲስ ጎረቤታችን ከመከሩን በኋላ፣ በተጨማሪ ወጪ ነው።

ጋቢዮን የሚችለው ጥልቀት የሌለውን መንሸራተት ብቻ መሆኑም ሊነገር ይገባል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል፤ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት በተሰበሰቡበት ሁለተኛው የደረሰባቸው ናቸው። እንዲህ ያለውን ተራራ የሽቦ ሳጥን አያቆመውም። ከግቢዎ በላይ አዲስ ስንጥቅ ካዩ፣ ዛፎች ካዘነበሉ ወይም በሮች ያለ ምክንያት አልዘጋ ካሉ፣ ድንጋይ ከማስጫን በፊት ቤተሰብዎን አውጥተው ለቀበሌው ያሳውቁ።

እንደኛ አነስተኛ ተዳፋት ላለው ሰው ጋቢዮኑን ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ውሉ ላይ ግን ቦዩና የማጣሪያ ጨርቁ በስም ይጻፉ።