በ40 ዋቷ ሌዘር ክር ስስብ፦ ከስምንት ወር በኋላ

ማሽኗን የገዛኋት ለክር አልነበረም። ሥራዬ እንጨትና አክሪሊክ ላይ ስም መቅረጽ ነው። ባለ 40 ዋት የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ናት፤ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ። ቀን ለእንጀራ ትሠራለች፣ ማታ ፕላስቲክ ክር አቀጥንባታለሁ። ስለ ቅርጽ ሥራዋ ባጭሩ፦ ዋጋዋን መልሳለች። ልነግራችሁ የፈለግኩት ስለ ክሩ ነው።

ነገሩ የገባብኝ የጃፓኑ ያማናሺ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ አኪሂሮ ሱዙኪ የሠሩትን ካነበብኩ በኋላ ነው። እሳቸው ክሩን በሌዘር እያቀለጡ ከድምፅ በሚፈጥን አየር ይስቡታል። የሚወጣው በናኖሜትር (በሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) የሚለካ ቃጫ ነው፤ ያውም ያለ ምንም ማሟሟያ ኬሚካል። እኔ ዘንድ የአየሩን ቦታ የያዘው የተንጠለጠለ ቡሎን ነው።

ከ3ዲ ፕሪንተር አፍ የወጣ፣ 0.4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ፒኤልኤ የሚባል የፕላስቲክ ክር እወስዳለሁ። አንዱን ጫፍ አጥብቄ አስራለሁ። ሌላውን በፑሊ አሳልፌ ቡሎን አንጠለጥልበታለሁ። ክዳኑን ዘግቼ የሌዘሩን ጭንቅላት ክሩ ላይ ቀስ አድርጌ አስኬዳለሁ። ጨረሩ በዓይን አይታይም፤ የሞገዱ ርዝመት 10.6 ማይክሮሜትር ነው። ያረፈበት ቦታ ግን ድንገት አንገት ያወጣል። በአንድ በኩል ወፍራም፣ በሌላው ቀጭን፣ መካከሉ ልክ እንደ ጠርሙስ አንገት። ቡሎኑ ዝቅ፣ ዝቅ ይላል። በመስኮቷ ይህንን ማየት እስከ ዛሬ አልሰለቸኝም።

መጀመሪያ አካባቢ ኃይሉን ጨምሬ በአንዴ ወደ 0.1 ሚሊሜትር አወረድኩት። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ልቋጥረው ስል ቀጭ አለ። ለካ ክሩ ቀልጦ ፈሰሰ እንጂ አልተሳበም። ፒኤልኤ 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል፣ ለመቅለጥ ግን ከ150 በላይ ይፈልጋል። በዚያ መካከል ሲሳብ ረጃጅሞቹ ሞለኪውሎች በአንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ፤ ጥንካሬው የሚመጣው ከዚያ ነው። ከቀለጠ ግን ይንሸራተቱና ተመልሰው ይጠቀለላሉ። እናቴ ባዘቶ ስትስብ ፍጥነቱን እጇ ያውቀዋል፤ ከፈጠነች ይበጠሳል፣ ከዘገየች ይጎረብጣል። እዚህም ሙቀቱና የቡሎኑ ክብደት እንደዚያ መግባባት አለባቸው።

የማሽኗ ትልቁ ጉድለት የታየኝ እዚህ ላይ ነው። ጨረሩ በሚመነጭባት ቱቦ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ከ4 ሚሊአምፔር በታች ሳወርድ ጨረሩ ይቆራረጣል። ክሩ አንድ ጋ ወፍራም፣ አንድ ጋ ቀጭን ይሆናል። አንድ ወር ሙሉ ክሩን ስወቅስ ከረምኩ። መፍትሄው ክሩን ከሌንሱ የትኩረት ነጥብ 3 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ማድረግ ሆነ። ጨረሩ ይሰፋል፣ ሙቀቱ ይበተናል፣ ቱቦዋም በሚመቻት ኃይል ትሠራለች። ከዚያ ወዲህ ክሩ ወጥ ነው።

ሌላው ችግር ከሻጩ ነው። ግራውንድ ሳይገናኝ ነው ያስረከበኝ፤ በውስጧ ከፍተኛ ቮልቴጅ ላለ ማሽን ይህ ይቅር የሚባል አይደለም። መስታወቶቹም ተንጋደው ነበር። ስታቢላይዘርም ጨምሬ ገዝቻለሁ። የማቀዝቀዣው ውሃ ከ25 ዲግሪ እንዳያልፍ እከታተላለሁ። ፒቪሲ የሚባለውን ፕላስቲክ ደግሞ በፍጹም አታስገቡባት፤ ጭሱ ሳንባንም ማሽንንም ይበላል።

አሁን የምስበው ክር 0.2 ሚሊሜትር ላይ ይቆማል። ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስ ርዝመቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ያልተሳበው ክር እጥፍ ሳደርገው ይሰበራል። የተሳበውን በፒንሳ አጥብቄ ቋጥሬዋለሁ፣ ዝም ነው ያለው። ግማሽ ሊትር ውሃ የያዘ ጠርሙስ አንጠልጥዬበትም አድሯል። ክሩ ሲቆረጥ የሚታየው ክብ ስፋት ከመጀመሪያው ሩቡ ብቻ ቀርቶ!

የቀረው መኮማተሩ ነበር። የተሳበውን ክር ፈልቶ የወረደ ውሃ ውስጥ ስጨምረው እንደ ተቃጠለ ፀጉር ተጠቅልሎ አጠረ። ሞለኪውሎቹ ወደ ድሮ ቦታቸው መመለስ ይፈልጋሉ። ስለዚህ አሁን በእንጨት ፍሬም ላይ ወጥሬ ነው ትኩስ ውሃ ውስጥ የማቆየው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ክሩ ሳይቀልጥ ይረጋል። ትናንት ከፍሬሙ አውርጄ እንደገና ነከርኩት። ትንሽ አጠረ፣ ግን አልተጠቀለለም።