ለአርክቴክቸር ቢሮ ቃለ መጠይቅ፦ የታተመ ፖርትፎሊዮ ወይስ ላፕቶፕ?

ለዲዛይነርነት ስትጠየቁ ሥራችሁን በምን ታሳያላችሁ? እኔ ወረቀት እመርጣለሁ። ኤ3 ወረቀት 297 በ420 ሚሊሜትር ነው። 15 ሜትር የሚረዝም ቤት በ1፡50 ስኬል 30 ሴንቲሜትር ስለሚሆን በደንብ ይገባል። ጠያቂው ስኬል ማስመሪያውን አውጥቶ የደረጃውን ስፋት ይለካል፤ በእርሳስ ጫር ጫር ያደርግበታል። ያኔ ፈተናው ወደ ጨዋታ ይለወጣል። ስክሪን ላይ ዙም ሲደረግ ግን ስኬሉ ይጠፋል። ብቻ ስታሳትሙ ከወረቀቱ ልክ ጋር የሚያስተካክለውን ምርጫ አጥፉት፤ አለዚያ ልኬቱ ይዛባል።

ላፕቶፕም የራሱ ጉልበት አለው። የሬቪት (የሕንፃ ሞዴል መሥሪያ ሶፍትዌር) ፋይላችሁን ከፍታችሁ እዚያው ሴክሽን (የሕንፃውን ውስጥ የሚያሳይ ቁራጭ) ስትቆርጡ፣ ሞዴሉን ራሳችሁ እንደሠራችሁት ይታያል። ቆንጆ ሬንደርማ (ፎቶ የሚመስል የሕንፃ ምስል) ከፍሎ ማሠራት ይቻላል። ቢሮው በሬቪት የሚሠራ ከሆነ ሁለቱንም ያዙ፤ ባትሪውንም ከቤት ሞልታችሁ ውጡ።